ስለ ዕውቀት ባለአደራነት

እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከሰጠው ሀብት መካከል ቢያካፍሉት የማይጐድል አንዱ ዕውቀት ነው። እንጀራ ለሁለት ሲቈረስ ለእያንዳንዱ ግማሽ ይደርሰዋል፤ ርስት ለወንድማማቾች ሲከፈል ይጠባል፤ ዕውቀት ግን መምህሩ ለመቶ ተማሪዎች ቢያካፍለው ከእርሱ ዘንድ አንዲት ፊደል አትጐድልም፤ እንዲያውም ባስተማረ ቍጥር ይጸናለታል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ዕውቀት ያለው ሰው ወይም ዕውቀት የተከማቸበት ቤት ለሚጠይቀው ሁሉ በሩን መክፈት ዕዳው ነውን? ወይስ መስጠቱ እንደ ምጽዋት በፈቃዱ የሚሠራው በጎነት ነው? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን በዘመናችን የሚታይ አንድ ጉዳይ ነው።

ዛሬ መጻሕፍትና የምርምር ጽሑፎች በብዛት ተሰብስበው የሚገኙት በዩኒቨርሲቲዎች ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም ተማሪ የሆነ ሰው መታወቂያውን አሳይቶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይገባል፤ በኢንተርኔት የሚነበቡትም የምርምር መጽሔቶች ዩኒቨርሲቲው በከፈለው ገንዘብ ይከፈቱለታል። በማንኛውም ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ስሙ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን በራሱ ትጋት የሚመረምርና የሚጽፍ ሊቅ ግን በበሩ ላይ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም ለአንዲት ጽሑፍ እንኳ በውጭ ገንዘብ ዋጋ ይጠየቃል። ይህን አይተው አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በአካባቢያቸው ለሚገኙና ማዕርግ ለሌላቸው ተመራማሪዎች ቤተ መጻሕፍታቸውንና መዛግብታቸውን መክፈት ጀምረዋል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ምስጋናው የሚገባው እንደ ቸር ሰው ነው ወይስ ዕዳውን እንደ ከፈለ ታማኝ ሰው ነው? ብለን መመርመር ይገባናል።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በተባለው ስፍራ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ የሚኖሩ የቤኔዲክቶስ ማኅበር መነኰሳት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. የብራና መጻሕፍትን በፊልም የሚያነሣ ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። ዓላማቸውም መጽሐፉ በጦርነት ወይም በእሳት ቢጠፋ ቅጂው እንዲተርፍ ነበር። ከዚያም በ1973 በቤተ ክርስቲያናችን መንበረ ፓትርያርክ ፈቃድ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ፤ ሥራው በቆየባቸውም ዓመታት ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ ወደ 9,000 የሚደርሱ መጻሕፍት ተነሥተዋል። አንዱ የፊልም ቅጂ በአዲስ አበባ ሲቀር ሌላው ወደ ኮሌጅቪል ሄደ። በዚያም ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በ1975 በጥይት ቈስለው ከተሽከርካሪ ወንበር የማይለዩ ቢሆኑም፣ መጻሕፍቱን በመመርመርና በመዘርዘር ለአሥርተ ዓመታት ደክመው በ2021 ዐርፈዋል። ዛሬ ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ። አንባቢው ስሙን ካስመዘገበ በኋላ ያለ ክፍያ ይገባል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር መሆንም አይጠበቅበትም።

የዚህ በር መከፈት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት በምሳሌ እንመልከተው። በአንድ የገጠር ደብር የሚያስተምሩ አንድ አረጋዊ የትርጓሜ መምህር አሉ እንበል። ያላቸው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም የጻፈው ሰው፣ ዐይኑ ከአንዱ ቃል ወደ ተመሳሳዩ ቃል ስለ ዘለለበት፣ አንድ መስመር ጥሎበታል። መምህሩ ንባቡ አልገጥም ስለሚላቸው ብዙ አስበው፣ ጐደሎውን የሚሞላ ፍች ያበጁለታል። ያንንም ፍች ሠላሳ ዓመት ያስተምሩታል፤ ተማሪዎቹም ይዘውት ወደየሀገራቸው ይበተናሉ። ከዕለታት አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው፣ በሌላ ገዳም የሚገኘውና ከብዙ ዓመት በፊት በፊልም የተነሣው ያው መጽሐፍ በስልኩ ላይ ተገልጦ ያሳያቸዋል። የጐደለው መስመር በዚያ አለ። መምህሩ ትሑት ሰው ናቸውና በማግሥቱ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው፣ «ያስተማርኋችሁን አርሙ» ይሏቸዋል።

እንግዲህ በፊት ወጥተው ስለ ሄዱት ተማሪዎች ጠያቂው ማን ነው? ተጠያቂውስ ማን ነው? መምህሩ አይደሉም፤ በእጃቸው የነበረው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነውና። አባቶቻችን የትርጓሜ ሊቃውንት የንባብ ልዩነት ባገኙ ጊዜ ሁለቱንም አብነት አቅርበው ይፈቱ ነበር እንጂ አንዱን አይደብቁም ነበር፤ ነገር ግን አብነት ለማቅረብ በመጀመሪያ አብነቱን ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለተኛውን መጽሐፍ ይዞ በሩን የዘጋ ሰው፣ እኔ ምንም አላጠፋሁም ሊል አይችልም። ለምን ቢሉ፣ ዕውቀትን መከልከል ዝም ማለት ብቻ አይደለም፤ ስሕተት በእውነት ስፍራ እንዲቀመጥ መፍቀድ ነውና። ጌታችን መብራትን አብርቶ ከዕንቅብ በታች ስለሚያኖር ሰው ሲናገር የነቀፈው መብራቱን ያጠፋውን ሳይሆን የሰወረውን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ይህ መክፈት ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ? ታሪክን ብንጠይቅ ዕዳ መሆኑን ይነግረናል። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት የሚባለው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ የሀገራችንን ቋንቋና ታሪክ በደንብ የተማረው ከመካነ ሥላሴው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። በ1649 በሮም ተገናኙ፤ በ1652ም አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጎታ ድረስ ሄደው አስተማሩት። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 ሲያሳትም መምህሩ በባሕር ከሞቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ እርሱ ግን ስማቸውን አልሰወረም። እንዲሁም በ1901 በሮም የታተመው የኢኛትሲዮ ጕዊዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላት የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ዕውቀት አለበት። እነዚህ መምህራን የዩኒቨርሲቲ ወንበር አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ወንበር ያላቸውን አስተማሩ። ዩኒቨርሲቲዎች ስለ እኛ ከሰበሰቡት ዕውቀት እጅግ ብዙው ማዕርግ ካልነበራቸው የሀገር ሊቃውንት አፍና ብራና የተቀዳ ነው። የብዙዎቹም ስም እንደ ሉዶልፍ መምህር አልተጻፈም። ስለዚህ ዛሬ ለሊቃውንቱ ልጆች በሩን የሚከፍት ዩኒቨርሲቲ ከአባቶቻቸው የተበደረውን ይመልሳል። የተበደረውን የሚመልስ ሰውም በጎ ሠርቷል እንጂ ሊመካ አይገባውም።

በእኛ በኩልም ይህ ሥርዐት እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤታችን ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ ከሩቅ አገር ሲመጣ መምህሩ ከየት ቤት እንደ ተወለደ ወይም ምን ያህል ገንዘብ እንዳለው አይጠይቀውም፤ የሚጠይቀው እስከ የት እንደ ተማረ ነው። ምግቡን መንደሩ ይሰጠዋል፤ ትምህርቱን መምህሩ በነጻ ይሰጠዋል፤ በነጻ የተቀበሉትን በነጻ መስጠት የጌታ ትእዛዝ ነውና። ከዚህም የተነሣ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው በኢየሩሳሌምና በኢትዮጵያ ዕድሜያቸውን ፈጁበት፤ ሳይታተምም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራውን አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ከሦስቱ አንዱ እንኳ «ይህ የእኔ ብቻ ነው» ብሎ በሣጥኑ ቢቈልፈው ኖሮ ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሚጠቀሰው ያ መጽሐፍ ባልኖረ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች፣ «መጽሐፍን ለሁሉ መክፈት ለሌባ በር መክፈት ነው» ይላሉ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1868 የእንግሊዝ ሠራዊት ከመቅደላ ከዘረፋቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከዚያም ወዲህ በስርቆትና በሽያጭ ከየዕቃ ቤቱ የወጣው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ገበዙ መጽሐፉን በጥንቃቄ መያዙ ተገቢ ነው። ነገር ግን መጠበቅ ሌላ፣ መሰወር ሌላ ነው። የሚጠብቅ ሰው መጽሐፉን የሚያቈየው እንዲነበብ ነው፤ የሚሰውር ሰው ግን እንዳይነበብ ያቈየዋል፤ በመጨረሻም ምስጥና እርጥበት አንባቢ ይሆኑለታል። ቅጂው በፊልም የተነሣ መጽሐፍ ቢሰረቅ እንኳ የማን እንደ ነበረ ይታወቃልና መክፈት ራሱ አንድ የመጠበቂያ መንገድ ነው።

ሌሎች ደግሞ፣ «ማዕርግ የሌለው ሰው ያለ መሪ ቢመረምር ይስታል» ይላሉ። ይህም በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ማዕርግ ያለውም ይስታል። የሚያስፈልገው ሥራውን መመርመር ነው እንጂ በሩን መዝጋት አይደለም። በቅኔ ቤት አንድ ተማሪ ቅኔውን ሲያቀርብ መምህሩ ቅኔውን ሰምቶ ያርማል እንጂ ስለ ልብሱ መናኛነት ከጉባኤው አያስወጣውም። እንዲሁም ለብቻው የሚደክም ሊቅ የሚጽፈውን ለሚያውቁት አሳይቶ ተግሣጽ መቀበል፣ ከማን እንዳገኘውም ስሙን ጠርቶ መመስከር ግዴታው ነው። ነጻ መሆን ከእርማት ነጻ መሆን አይደለምና።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ሁሉ ወደ ሌላው ብቻ የሚያመለክት ከሆነ ግን አልተጠቀምንበትም። የባሕር ማዶው ዩኒቨርሲቲ በሩን ቢከፍት፣ የእኛስ ዕቃ ቤት ለራሱ ደብር ዲያቆን ይከፈታልን? የመንፈሳውያን ኮሌጆቻችን መጻሕፍት ለገጠሩ የአብነት መምህር ይደርሳሉን? ምሥጢር ነው እያለ ለተማሪው ግማሹን አስተምሮ ግማሹን የሚያስቀር ሊቅ በመካከላችን የለምን? አንድ መምህር ያልጻፈውንና ያላስተማረውን ይዞ ሲሞት፣ ከእርሱ ጋር የሚቀበረው የብዙ አባቶች ድካም ነው። የኮሌጅቪል መነኰሳት ከእኛ በሃይማኖት የተለዩ ሲሆኑ መጻሕፍታችንን ለልጆቻችን ካሳዩ፣ እኛ ለገዛ ወንድማችን ብንከለክል ምን መልስ ይኖረናል?

ስለዚህ ከሁሉም ወገን የሚጠበቅ ሥራ አለ። ዩኒቨርሲቲዎች በሩን ከከፈቱ አይቀር ደጃፉ ለሊቃውንቱ የሚገባ እንዲሆን ያድርጉ፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ የማያውቅ የግእዝ ሊቅ የተከፈተውን በር ሳያገኘው ሊያልፍ ይችላልና የመጻሕፍቱ ዝርዝርና መመሪያው በአማርኛ ጭምር ሊጻፍ ይገባል። ከሊቃውንቱ የሚቀዱትንም ቃል «አንድ መረጃ ሰጪ» ብለው ሳያልፉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው ስማቸውን ይጻፉ። የየደብሩ አስተዳዳሪዎች መጽሐፋቸው ከስፍራው ሳይወጣ እንዲነሣ፣ ቅጂውም በደብሩ እንዲቀር ያድርጉ። ወጣቶች ደግሞ፣ በስልክና በኮምፒዩተር መጠቀምን የተማሩ እንደ መሆናቸው፣ ወደ አረጋውያን መምህራን ሄደው ገጹን ይግለጡላቸው፤ በምትኩም ንባቡን ይማሩ። ልጁ መሣሪያውን ያውቃል፤ አረጋዊው መጽሐፉን ያውቃል፤ አንዱ ያለ ሌላው ጐደሎ ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ መክሊቱ በተናገረው ምሳሌ፣ አንዱን መክሊት የተቀበለው አገልጋይ አልሰረቀም፤ አላባከነም፤ እንደ ተቀበለውም መልሷል። ይሁን እንጂ ስለ ቀበረው ተፈረደበት። ገንዘብን የቀበረ እንዲህ ከተፈረደበት፣ ቢያካፍሉት የማይጐድለውን ዕውቀት የቀበረ እንዴት ይሆን? እንግዲህ መጽሐፍ በእጃችን ያለን፣ ቃል በልባችን ያለን ሁላችን ባለአደራዎች እንጂ ባለቤቶች አለመሆናችንን አውቀን፣ ዛሬ የሚጠይቀን ሳይመለስ እንስጠው። አምላካችን ለሊቃውንቱ ዕድሜን፣ ለተማሪዎች ትጋትን፣ ለባለመጻሕፍቱም የተከፈተ እጅን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።