ጥበብ የሚለው ቃል



ከሴቻ ከፍታ ቆመን ወደ ምሥራቅ ስንመለከት ሁለት ሐይቆች ተዘርግተው እናያለን። አባያ አፈር ያዘለ ስለ ሆነ ውኃው ቀላ ይላል፤ ጫሞ ደግሞ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። በመካከላቸው ያለው የብስ «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። ስሙ ራሱ አጭር ጸሎት ነው፤ ያዩትን ውበት ለሠሪው መልሶ ይሰጣልና።

ማድነቅ ግን ቀላል ነው። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ በመሆኑ ከማየት አልፎ ይሠራል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1999 በትንሣኤ ዕለት ለጥበብ ሰዎች በጻፉት መልእክት፣ እግዚአብሔር ካለመኖር እንደሚፈጥር፣ ሰው ግን ቀድሞ ያለውን ተቀብሎ መልክና ትርጉም እንደሚሰጠው አስተምረዋል። ይህን ለመረዳት ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ዳገት ላይ የዶርዜን ቤት ማየት ይበቃል። ቀርከሃው እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ የእንሰት ቅጠል ይለብሳል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ዝቅ እያለ ይሄዳል እንጂ አይፈርስም፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። ይህን ያሰበ አእምሮ፣ በእኛ አስተያየት፣ በማንኛውም መሐንዲስ ፊት አያፍርም።

በቋንቋችን «ጥበብ» ማስተዋል ነው፤ ኪነትም ነው፤ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነው ባለ ቀለም ጌጥም ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ሕዝብ የሸማኔውን እጅ መናቁ እጅግ ያሳዝናል። ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውንማ በጋብቻና በማዕድ ያገለልንበት ዘመን ረጅም ነው፤ ርዝራዡም ገና አልጠፋም። እንስራዋን ወደ ጓዳ እናስገባለን፤ እርሷን ግን ከደጅ እናቆማለን። ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ቅዱስ ቁርባን አብረን እንቀርባለን!

ኦሪት ዘፀአትን (31፡1-6፤ 35፡30-35) እናንብብ። በዚያ ስፍራ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት የተነገረለት ባስልኤል የጦር አለቃ ወይም ሹም አልነበረም፤ ወርቅ፣ ድንጋይና እንጨት የሚሠራ ባለ እጅ ነበር። ሸማኔውም በዚያው ተጠቅሷል። ጌታችን በናዝሬት ጸራቢ ይባል ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። ከጋሞ ደጋ ብዙ ሕፃናት «ሽመናም ይማራሉ፤ ትምህርት ቤትም ይገባሉ» እየተባለ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው፣ ያለ ትምህርትና ያለ በቂ ዕረፍት ከሽመና ጉድጓድ ላይ ሲውሉ ኖረዋል። ለበዓል የምንለብሰው ነጭ ልብስ፣ መሠዊያውን የምናለብስበትም ጨርቅ ከማን እጅ እንደ ወጣ ልንጠይቅ ይገባናል። ስለዚህ በመጪው በዓል ልብስ የምንገዛ ሁሉ ሻጩን ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለ ሸማኔው ዕድሜም እንጠይቀው። ካቴኪስቶቻችንም ከትምህርተ ክርስቶስ የቀሩትን ልጆች ስም ይዘው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ይሂዱ።