የፎቶግራፉ ጀርባ

አማርኛ ስለ ፎቶግራፍ ሲናገር የመረጠው ግሥ «ማንሳት» ነው። ባለ ካሜራው ያነሳል፤ ከፊቱ የቆመው ይነሳል። በወለጋ የሚነገረው ኦሮምኛም «ሱራ ካሱ» ሲል ይህንኑ የማንሳትን ግሥ ይጠቀማል። የወደቀ ዕቃ ይነሳል፤ የተረሳ ጉዳይ በሸንጎ ይነሳል፤ ከሕመም አልጋ የወረደም «ተነሳ» ይባላል። ሁለቱ ቋንቋዎች ከውጭ ለመጣ መሣሪያ ይህን ቃል መስጠታቸው ሕዝቡ ፎቶግራፍን ከመረሳት መዳኛ አድርጎ እንደ ተመለከተው ያሳያል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ ግሡ አንድ ነገር ሳይመልስ ያልፋል። አንሺና ተነሺ ከተለያዩ በኋላ፣ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ሲጀምር፣ ስለ ምስሉ የሚነገረው ታሪክ የማን ነው? የማንስ ቃል ይጸናል?

ማንም የፍልስፍና ጥያቄ ብሎ አይጠራው እንጂ ይህ ጉዳይ በነቀምቴና በጊምቢ፣ በነጆና በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎም በየሳሎኑ ይነሳል። እንግዳ ሲገባ ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ ድረስ አልበም ከመደርደሪያው ወርዶ ጭኑ ላይ ይቀመጥለታል። የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወግ ነው። እንግዳው ገጹን ይገልጣል፤ ባለቤቲቱም ከረከቦቱ ሳትነሳ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «እሱ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ያን ዕለት ፈተና ጨርሶ መምጣቱ ነው» ትላለች። ምስሉ የሚያሳየው አንድ ወጣት ግድግዳ ተደግፎ መቆሙን ብቻ ነው። ፈተናው፣ የእግር መንገዱ፣ ለአውቶቡስ የተበደረው ገንዘብ፣ ከወራት በኋላ የመጣው ውጤት አንዱም ወረቀቱ ላይ የለም። ሁሉም ያለው በእርሷ አፍ ነው። አማቷ ወይም እኅቷ ከአጠገቧ ካለች ደግሞ ትረካው ያለ እርማት አያልፍም። «ኧረ ፈተናው በኋላ ነው! ያን ጊዜ ገና አሥረኛ ክፍል ነበር» ትባላለች። በዚህ ላይ ክርክር ይነሳል፤ ሁለተኛው ቡና በክርክሩ መካከል ይቀዳል። ይህች እርማት ተራ የቤት ጨዋታ ብትመስልም ለተያዘው ጥያቄ ትልቅ ቁም ነገር አላት፤ ወደ ኋላ ትመለሳለች።

እነዚህን ምስሎች ያነሷቸው በአብዛኛው ባለሙያዎች አልነበሩም። ከደመወዙ ቆጥቦ ካሜራ የገዛ መምህር፣ የጤና ረዳት፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ አዲስ አበባና ወለጋን የሚያመላልስ ሾፌር ነበሩ። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ምስል ይይዛል፤ ስለዚህ አንዷን ለማንሳት ሰው ይጠራል፣ ልብስ ይቀየራል፣ የሕፃን ፊት ይታጠባል። ዕለቱ ተራ ቢሆንም መነሳቱ ራሱ ዕለቱን ከተራነት ያወጣዋል። ከዚያም ፊልሙ ይታጠባል፤ ፎቶው ለወዳጅ ሲሰጥ በጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ቀንና ፊርማ ይሰፍርበታል። ባዶ ጀርባ ያለው ፎቶ መስጠትን ያልተፈረመ ደብዳቤ እንደ መላክ የሚቆጥሩ ነበሩ፤ አልተሳሳቱም።

በየከተማው ፎቶ ቤት ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። ከኋላ ፏፏቴ ወይም ፎቅ ቤት የተሳለበት መጋረጃ፣ ከጎን የፕላስቲክ አበባ የቆመበት ጠረጴዛ፣ ከበሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ ደግሞ አንድ ኮትና አስቀድማ የታሰረች አንዲት ከራባት ነበሩ። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው። ከገጠር ለትምህርት የመጣው ተማሪ፣ አዲስ የተቀጠረው ዘበኛ፣ ለወላጆቹ «ደኅና ነኝ» ብሎ ምስሉን የሚልከው የቀን ሠራተኛ ሁሉም ያንኑ ኮት ለብሰው ይነሳሉ። ትከሻው ለአንዱ ይሰፋል፤ እጅጌው ለሌላው ያጥራል። ጎረቤታሞች አልበም ለአልበም ሲገላለጡ አንዱን ኮት በሁለት ሰው ገላ ላይ አግኝተው ይሥቃሉ።

እንግዲህ ይህ ፎቶግራፍ ሐሰት ነውን? ጥብቅ የሆነ ተቺ ነው ይላል፤ ሰውየው የሌለውን ሀብት አለኝ ብሏልና። ፍርዱ ግን የችኮላ ነው። በአርጆ ገጠር ፎቶው የደረሳት እናት ልጇ ኮት እንደሌለው ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ኮቱን አትመለከትም፤ ጉንጩ መሙላቱን፣ በሁለት እግሩ መቆሙን ነው የምታነበው። በእርሷ ዘንድ የተታለለ የለም። ያው ፎቶግራፍ በሽማግሌዎች እጅ ልጃገረድ ካለችበት ቤት ገብቶ «ባለ ደመወዝ ነው፤ ይኸው» ቢባልበት ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ወረቀቱ ያው ነው፤ ኮቱም ያው ነው፤ አንዱ አድራጎት የናፍቆት ሰላምታ ሲሆን ሌላው ማጭበርበር ሆኗል። ከዚህ የሚወጣው ሐሳብ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ብዙ የፎቶግራፍ ሐያስያን ይዘሉታል። የምስሉ እውነትነት ወይም ሐሰትነት በወረቀቱ ላይ ብቻ ተፈልጎ አይገኝም፤ ምስሉ ለማን ተሰጠ፣ ምን ተብሎ ተሰጠ፣ ከተቀባዩስ ምን ተደበቀ የሚለው አብሮ ካልተመረመረ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል።

ወለጋ ከራሷ ካሜራዎች በፊት የእንግዶችን ካሜራ ታውቃለች። ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ በ1904 ወደ ነቀምቴ ከመጣ በኋላ የስዊድን ሚሲዮናውያን በዚያ ሥራቸውን አስፋፉ፤ አሜሪካውያን በ1919 ደምቢ ዶሎ፣ ጀርመኖች በ1928 አይራ ገቡ። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያ መምህራን ኢትዮጵያ ደረሱ፤ በቀጠሉት ዓመታት በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ብዙዎቹ ካሜራ ነበራቸው። ያነሱትም ገበያውን፣ ክፍሉን፣ ተማሪውን፣ የጭቃውን መንገድ ነበር፤ ይኸውም የየዕለቱን ኑሮ። ፊልሙ ከእነርሱ ጋር ሄደ። በአገራቸው ምስሉን ለዘመዶቻቸው ሲያሳዩ የሚናገሩት ታሪክ በክፋት የተነገረ ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙው በፍቅር የተነገረ ነው። ሆኖም በዚያ ክፍል ውስጥ «ኧረ አይደለም፤ ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ» የሚል አንድም ሰው አልነበረም። የተማሪው ስም «አንድ ተማሪዬ» ሆነ፤ ቀጥሎም «አንድ ልጅ»፤ በመጨረሻም «የኢትዮጵያ ገጽታ»። ስም ሲወድቅ ሰውየውም ከሰውነት ወደ ምሳሌነት ይወርዳል።

ተቃራኒውን የሚያሳይ ከዚህ የቆየ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ መርከበኞች በቀይ ባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባዎች ያስጣሏቸው የኦሮሞ ሕፃናት ነበሩ፤ ከእነርሱ 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪካ ላቭዴል ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ፎቶግራፋቸው አለ፤ ብቻውን ቢታይ ግን ንጹሕ ልብስ የለበሱ፣ ተሰልፈው የተቀመጡ ሕፃናትን ከማሳየት አያልፍም። በዚያው ዓመት ግን እያንዳንዱ ልጅ ከየት እንደ ተወሰደ፣ ወላጆቹ እነማን እንደ ነበሩ፣ ስንት እጅ እንደ ተለዋወጠው ተጠይቆ ቃሉ ተመዘገበ። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2018፣ በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ ታተመ። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች፤ በሮበን ደሴት አሥር ዓመት የታሰረው ደቡብ አፍሪካዊው ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር የልጅ ልጇ ነው። ምስሉንና ቃሉን አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ባይኖር ኖሮ ያ የዘር ሐረግ ከአንድ ረድፍ ፊቶች መካከል ተነጥሎ ሊታወቅ ባልቻለ።

እዚህ ላይ ከባለሙያዎች ወገን የሚነሳ ተቃውሞ አለ። ፎቶግራፍ ጥበብ ከሆነ ራሱን ችሎ ይናገር፤ ወሬ የሚያስፈልገው ምስል ደካማ ምስል ነው ይላሉ። ለአውደ ርዕይ አዳራሽ ይህ ሚዛን ሊሠራ ይችላል። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት ግን እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ፎቶግራፍ በጻፈው መጽሐፍ ስለ አንድ ምስል፣ እናቱ በአምስት ዓመቷ ስለ ተነሳችው ፎቶግራፍ፣ በብዙ ገጾች ከተናገረ በኋላ ምስሉን ሳያትመው ቀረ፤ ለሌላው ሰው ተራ ፎቶ ከመሆን እንደማያልፍ ያውቅ ነበርና። ቃሉን ሰጥቶ ወረቀቱን ደበቀ። የነቀምቴዋ ባለ አልበም ሁለቱንም ትሰጣለች፤ በዚህ ረገድ ከፈላስፋው ይልቅ ለጋስ ናት። አማተሩን ከባለሙያው የሚለየው ዋና ነገርም የሌንሱ ጥራት ወይም የብርሃን አያያዙ አይመስልም። አማተሩ ያነሳውን ሰው ነገ ገበያ ላይ ያገኘዋል፤ በዕድር፣ በለቅሶ፣ በሠርግ አብሮት ይቀመጣል። ስለ እርሱ ያወራውን ወሬ ባለቤቱ ይሰማዋል። ስለዚህ ትረካው ሁልጊዜ በምስክር ፊት ነው፤ እላይ የተጠቀሰችው የእኅት እርማትም የምስክር ቃል ናት።

ታዲያ ሁሉም ይነገር ማለት ነውን? በብዙ አልበም ውስጥ በፍጥነት የሚገለጥ አንድ ገጽ አለ። ሙጫው ደርቆ ፎቶው የሌለበት ባዶ ማዕዘን አለ፤ በመቀስ ተቆርጦ የወጣ ትከሻ አለ። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ መጽሐፍና ወረቀት ሲቃጠልና ሲቀበር ፎቶግራፍም አብሮ ጠፍቷል፤ ከአንድ ሰው ጋር ጎን ለጎን መነሳት ብቻውን የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበርና። ዛሬ በመስቀል አደባባይ አጠገብ የሚገኘው፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ በፊቶች የተሞላ ነው። እነዚያ ፊቶች ለሙዚየም የተነሱ አልነበሩም፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጓደኛ የተነሱ ናቸው። ለማመልከቻ የተነሳች ጉርድ ፎቶ ተጎልታ የለቅሶ ፎቶ ስትሆን አንሺውም ተነሺውም ያላሰቡት ታሪክ ይጫንባታል። እንግዳ ስለዚያ ባዶ ማዕዘን ቢጠይቅ ባለቤቲቱ የመመለስ ግዴታ የለባትም። የዝምታ መብት አላት፤ ምናልባትም ከመናገር መብቷ የበለጠ የጸና ነው። ያልተፈቀደላት ሌላ ነው፤ በባዶው ማዕዘን ላይ ያልነበረን ሰው ማስቀመጥ። ዝም ያለ ምስል ሊቆይና ሊነገር ይችላል፤ በፈጠራ የተሞላ ማዕዘን ግን እውነተኛው ባለቤት ሲመጣ ቦታ የለውም።

በአሁኑ ጊዜ ካሜራው በየኪሱ ነው። የ36 ምስል ቁጠባ ቀርቷል፤ ከአንድ ሠርግ መቶዎች ይነሳሉ፣ ጀርባ ግን የላቸውም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት ማብቂያ ድረስ በወለጋ በብዙ ሥፍራ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ምስሎቹ በየስልኩ ታሽገው ቀሩ፤ አዲስ አበባ ያለ ልጅ የእናቱን ፊት፣ እናትም የልጅ ልጇን ፊት ማየት አልቻሉም። በወረቀት የታተመው አሮጌ አልበም ግን በዚያ ሰሞን እንደ ወትሮው ከመደርደሪያው ወርዶ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች በየቤቱ ያለውን የድሮ ፎቶግራፍ ከነታሪኩ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም በመጽሐፍ አሳትመዋል። የወለጋ ከተሞች ከዚህ የሚያንስ ሀብት የላቸውም፤ ሥራውም ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

አንድ የታሪክ መምህር ለተማሪዎቹ «ከቤታችሁ አንዳንድ ፎቶ አምጡ፤ ከመምጣታችሁ በፊት ግን በፎቶው ላይ ያለውን ሰው ወይም የሚያውቀውን ጠይቁ» ቢላቸው ይበቃል። ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው። ከግራ ወደ ቀኝ እነማን ናቸው? የት ነው? ዘመኑ መቼ ነው? ኮቱ የማን ነው? ይህ እንዲነገር ይፈቅዳሉ? አንድ የሚረሳ ጥያቄም ይጨመር፤ አንሺውስ ማን ነበር? በምስሉ ውስጥ የማይታየው እርሱ ብቻ ነውና። መልሱ በጀርባው ሲጻፍ እስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ከጊዜ ብዛት ወደ ፊት ዘልቆ የሰውየውን ግንባር ያጠቁረዋል። ለስላሳ እርሳስ ነው የሚሻለው፤ ሳይጫኑ፣ በዳር በኩል።