ቤትና ዱር፦ ስለ ለማዳነትና ስለ ቃል ኪዳን

የቤት እንስሳ ከሰው ተለይቶ ወደ ዱር ሲገባ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ለእንስሳት ሐኪምና ለሥነ ሕይወት ተመራማሪ ብቻ የተተወ ሊመስል ይችላል፤ ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን የሰውን የሥልጣን ልክና በፍጥረት ላይ ያለበትን ኀላፊነት የሚነካ ሃይማኖታዊና ፍልስፍናዊ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ለማዳ የሚባለው በብዙ ትውልድ ከሰው ጋር በመኖሩ ጠባዩም አካሉም የተለወጠ እንስሳ ነው፤ ከጫካ ተይዞ የተገራ አውሬ ለሰው ቢታዘዝም ልጁ እንደገና አውሬ ሆኖ ስለሚወለድ በዚህ ትርጉም ለማዳ አይባልም። ከለማዳ እንስሳት ሁሉ ቀዳሚው ውሻ ሲሆን፣ ከሰው ጋር መኖር የጀመረውም ቢያንስ ከ14,000 ዓመታት በፊት፣ የሰው ልጅ ገና እርሻ ሳያውቅ፣ ላምና በግም ሳያረባ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የውሻ ለማዳነት ዱር ሲገባ የሚራገፍ ልማድ ነው ወይስ ባሕርዩ ሆኗል? ባሕርዩ ከሆነስ ሰው ለውሻ ምን ዕዳ አለበት?

በዓለም ሥነ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ እጅግ የታወቀውን መልስ የሰጠው አሜሪካዊው ደራሲ ጃክ ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 የታተመው «የዱር ጥሪ» የተሰኘው ልብ ወለዱ ባክ ስለሚባል የቤት ውሻ ይተርካል፤ ባክ ሞቃት በሆነው የካሊፎርኒያ ምድር በአንድ ዳኛ ቤት በድሎት ሲኖር ተሰርቆ ይሸጥና፣ ወርቅ ፈላጊዎች ወደ ጎረፉበት ወደ ሰሜናዊው የካናዳ ምድር፣ ወደ ክሎንዳይክ፣ ተወስዶ በበረዶ ላይ ሸክም እንዲጎትት ይደረጋል፤ በዱላና በረሃብ እየተቀጣ ሲኖር የአባቶቹ የአውሬነት ስሜት ቀስ በቀስ ይነቃበትና በመጨረሻ ከተኩላዎች መንጋ ጋር ይቀላቀላል። የደራሲው ሐሳብ የዱር ሕይወት የውሻ ጥንተ ተፈጥሮ እንደ ሆነና የቤት ኑሮ በላዩ የተጫነበት የቅርብ ጊዜ ልማድ እንደ ሆነ ያስገነዝባል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ራሱ ከዚህ ድምዳሜ ያለፈ ነገር ይመሰክራል። ባክን መጀመሪያ ከቤቱ ያወጣው የዱር ጥሪ ሳይሆን ያመነው የቤቱ ሠራተኛ ክህደት ነው፤ ፈጽሞ ወደ ዱር የገባውም የወደደው ጌታው ከተገደለ በኋላ ነው፤ ከተኩላዎች ጋር እየኖረ እንኳ በየዓመቱ ጌታው ወደ ሞተበት ሸለቆ ይመለሳል። ስለዚህ ከአውሬነት ጥሪ ይልቅ በታሪኩ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው፣ የእንስሳው ታማኝነት የሰውን ክህደትም የጌታውንም ሞት አልፎ መዝለቁ ነው።

የክሎንዳይክ ወርቅ ብዙ ሺህ ሰዎችን ወደ ሰሜን በሳበበት በዚያው ጊዜ፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1897 መጨረሻና በ1898፣ ራስ መኮንን የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ጦር እየመሩ ወደ ቤንሻንጉል ዘምተው ነበር፤ ይህም ምድር ከዚያ አስቀድሞ ጀምሮ ከሱዳን በኩል ለመጡ ኀይሎችም ሆነ ለደገኛው መንግሥት በወርቁ የታወቀ ነበር። ሁለቱ አገሮች በአየር ጠባይ የማይገናኙ ቢሆኑም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱንም ከሩቅ የመጡ ሰዎች ዱር ብለው ቆጠሯቸው፤ በውስጣቸው ለሚኖሩት ሕዝቦች ግን ቤት ነበሩ። በቤንሻንጉል የአሶሳ አካባቢ የሽመል ጫካ፣ የዳቡስና የዓባይ ሸለቆዎች ለእንግዳው የንዳድና ከብት የሚፈጀው የገንዲ በሽታ አገር ናቸው፤ ለበርታው፣ ለጉሙዙ፣ ለሺናሻው፣ ለማኦውና ለኮሞው ደግሞ ማሽላ የሚዘራባቸው፣ ማር የሚቆረጥባቸው፣ ሙታን የሚቀበሩባቸው ስፍራዎች ናቸው። ከዚህ የሚታየው ቤትና ዱር በካርታ ላይ ተለይተው የሚሰመሩ ሁለት ምድሮች አለመሆናቸውን ነው። አንድን ስፍራ ቤት የሚያደርገው በዚያ ያለው ግንኙነት ሲሆን፣ ለውሻም ነገሩ እንዲሁ ነው።

ይህን ሐሳብ እጅግ በሚያስደንቅ መልኩ ያቆየው ከቤንሻንጉልና ከሱዳን ድንበር አካባቢ የሆነው የኡዱክ ሕዝብ ነው። ኡዱኮች የትውልድ አገራቸው በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት በቻሊ ዙሪያ የሆነ፣ ቋንቋቸውም ከኢትዮጵያው የኮሞ ቋንቋ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 ጦርነት መንደሮቻቸውን ሲያቃጥል ድንበር ተሻግረው ወደ አሶሳ አካባቢ በመሰደድ በጾሬ መጠለያ ሰፈሩ፤ በ1990 መጀመሪያ ጦርነቱ እዚያም ስለ ደረሰባቸው እንደገና ተሰደው ከብዙ እንግልት በኋላ በጋምቤላ ተጠለሉ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህን ሕዝብ ያጠናችው እንግሊዛዊቷ የአንትሮፖሎጂ ምሁር፣ ማለትም የሰውን ባህልና ማኅበራዊ ሕይወት የምትመረምረው ዌንዲ ጀምስ፣ ከመዘገበቻቸው የጥንት ትረካዎች መካከል ስለ ውሻ የሚነገረው ይገኝበታል። በትረካው መሠረት ሰው በመጀመሪያ ከሌሎች የዱር ፍጥረታት እምብዛም የማይለይ፣ እሳትም ንግግርም የሌለው ፍጡር ነበር፤ እሳትን እንዲያገኝና ቋንቋን እንዲማር የረዳውም ውሻ ነው።

የዚህ ትረካ ፍልስፍናዊ ክብደት የተለመደውን ቅደም ተከተል በመገልበጡ ላይ ነው። ብዙዎች ሰው ውሻን ከዱር አውጥቶ ለማዳ እንዳደረገው ሲናገሩ፣ የኡዱክ አባቶችና እናቶች ግን ውሻ ሰውን ከዱር አውጥቶ ሰው እንዲሆን እንደረዳው ይተርካሉ። ይህም ማለት ሰው ሰብአዊነቱን ብቻውን አላገኘም፤ ከሌላ ፍጡር ጋር በገባው ኅብረት ተቀበለው። ያንን ኅብረት የሚያፈርስ ሰው እንግዲህ የሚጎዳው እንስሳውን ብቻ አይደለም፤ የገዛ ሰውነቱን መሠረት ያናጋል።

የዘመናችን ሳይንስ በራሱ መንገድ ወደዚህ ሐሳብ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1959 በሶቪየት ኅብረት ሳይቤሪያ በዲሚትሪ ቤልያዬቭ የተጀመረው የቀበሮዎች ምርምር፣ ለሰው ያላቸው ፍርሃትና ቁጣ አነስተኛ የሆኑትን ብቻ እየመረጡ በማራባት በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሰውን የሚወዱ፣ ጅራታቸውን የሚቆሉ፣ ጆሯቸውና ቀለማቸው ጭምር የተለወጠ ቀበሮዎችን አስገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘረ መል ጥናት፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የአካል መመሪያ የሚመረምር ጥናት፣ ውሾች እንደ እህል ያለ ስታርች ያለበትን ምግብ የሚፈጩበት ዘረ መል ከተኩላ ይልቅ በብዙ ቅጂ እንዳላቸው አሳየ፤ ከእርሻ ሕዝቦች ርቀው በሰሜኑ በረዶ የኖሩት ጋሪ ጎታች ውሾችና ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በአውስትራሊያ ዱር የቀሩት ዲንጎዎች ግን የዚህ ዘረ መል ቅጂ ጥቂት ብቻ አላቸው። የማሽላ ገንፎ ትራፊ እየበላ ያደገው የቆላ ውሻ እንግዲህ የሰውን ማዕድ በደሙ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ዲንጎ በበኩሉ ውሻ ከሰው ተለይቶም ብዙ ሺህ ዓመት ሊኖር እንደሚችል ያስረዳል፤ ሆኖም ዲንጎ ተመልሶ ተኩላ አልሆነም፤ ውሻ ሆኖ በዱር ኖረ።

በዚህ ስፍራ መጠንቀቅ የሚገባው አንድ የቆየ አስተሳሰብ አለ። አርስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው ድርሳኑ የመጀመሪያ መጽሐፍ ለማዳ እንስሳት ከዱር እንስሳት የተሻለ ባሕርይ እንዳላቸውና በሰው አገዛዝ ሥር መሆናቸው ለራሳቸው ደኅንነት እንደሚበጅ ከተናገረ በኋላ፣ በዚያው መንገድ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሪያዎች መሆናቸውን ይሟገታል። ቤንሻንጉል ይህ አስተሳሰብ በተግባር ምን እንደሚመስል በጽኑ የቀመሰ ምድር ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ልጆቹ በባሪያ ፈንጋዮች እየታደኑ ወደ ሱዳንም ወደ ደጋውም ተሸጠዋል፤ ፈንጋዮቹም ሥራቸውን ለማጽደቅ የያዟቸውን ሰዎች የዱር ሰዎች አድርገው ይቆጥሩ ነበር። አርስቶትል የሳተው ለማዳነትን እንደ አገዛዝ ብቻ በማየቱ ነው። የገዢና የተገዢ ግንኙነት አንዱን ወገን ብቻ ሲጠቅም፣ ውሻና ሰው የገቡበት ኅብረት ግን ሁለቱንም ለውጧል። ለማዳነትን እንደ ጋራ ቃል ኪዳን የሚያይ ሰው ማንንም ሰው በባርነት ለመያዝ ከዚያ ማስረጃ ሊያገኝ አይችልም።

በአካባቢው ሥር የሰደዱት ሃይማኖቶችም ይህንኑ ያጸናሉ። አሶሳና የበርታ ሕዝብ ከሱዳን ጋር ባላቸው ትስስር እስልምና የጸናባቸው ናቸው፤ በሱዳን የሰፈነው የማሊኪ መዝሀብ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤት፣ በሕይወት ያለ ውሻ በራሱ ርኩስ አይደለም ሲል፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተስፋፋው የሻፊዒ መዝሀብ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱም በአፈር፣ እንዲታጠብ ያዛል። ይህ ልዩነት ስለ ንጽሕና እንጂ ስለ ርኅራኄ አይደለም። የቁርኣን የዋሻው ምዕራፍ ከሕዝባቸው ተለይተው በዋሻ ስለ ተኙት ወጣት አማኞች ሲናገር፣ በደጃፉ እጆቹን ዘርግቶ የተኛውን ውሻቸውንም ከእነርሱ ጋር ያነሣል፤ አምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ የሠለጠኑ አዳኝ እንስሳት የያዙትን መብላት ሲፈቅድ፣ ሰው የሚያስተምራቸው ፈጣሪ ካስተማረው ዕውቀት መሆኑን ያስገነዝባል። በነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስ፣ ማለትም ከእርሳቸው በተላለፈ ንግግር፣ በውኃ ጥም ለሚያለከልክ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ያመጣ ሰው ኃጢአቱ እንደ ተሰረየለት ይነገራል። በክርስትናም በኩል ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ ዘጠኝ እግዚአብሔር ከጥፋት ውኃ በኋላ ቃል ኪዳኑን ከኖኅና ከልጆቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሕያው ነፍስ ሁሉ ጋር እንዳጸና ይናገራል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቀኖናዋ የምትቀበለው መጽሐፈ ጦቢት ደግሞ ወጣቱ ጦብያ ከመልአክ ጋር ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝ ውሻውም አብሮት እንደ ሄደ ያወሳል። የኡዱክን ትረካ ከእነዚህ ጋር ያስተያየ ሰው የትምህርቱ አቅጣጫ ቢለያይም፣ ሦስቱም ውሻን ከሰው ጋር በአንድ ጉዞ ውስጥ እንደሚያኖሩት ይገነዘባል።

ኅብረቱ ሲፈርስ የሚከተለውን ጉዳት ኢትዮጵያ በዓይኗ አይታለች። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን እንደ ደረሰው ባለ ግጭት ሰዎች ነፍሳቸውን ለማትረፍ ቤታቸውን ጥለው ሲሸሹ፣ ውሻን ጨምሮ ሊያስከትሏቸው የማይችሏቸው እንስሳት ያለ ጠባቂ ይቀራሉ፤ የተፈናቀለው ሰው በዚህ አይወቀስም፤ ወቀሳው ያፈናቀለውን ይከተላል። በሰላም ጊዜም ቢሆን ክትባት ያላገኘ ውሻ በእብድ ውሻ በሽታ ሰውንም ከብትንም ይገድላል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ ከቤት ውሾች የተላለፈው ይኸው በሽታ፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውንና ቁጥሩ ወደ 500 የሚጠጋውን ቀይ ቀበሮ ክፉኛ ጎድቶታል። ሰው ችላ ያለው ለማዳ እንስሳ ወደ ዱር ሲገባ ዱሩ የሚቀበለው የሰውን ቸልተኝነት ጭምር ነው።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንዲህ ነው፤ የውሻ ለማዳነት ዱር ሲገባ የሚራገፍ ልማድ አይደለም፤ በሥጋውም በጠባዩም የተጻፈ የቃል ኪዳን ምልክት ነው። ውሻ በበረዶም በበረሃም ኑሮውን ሊለማመድ ይችላል፤ ከሰው ጋር የገባውን ኅብረት ግን በራሱ ፈቃድ አያፈርስም። አፍራሹ ሁልጊዜ ሰው ስለሆነ፣ የማደስ ግዴታም የሰው ነው፤ ይህም ግዴታ በቃል ብቻ የሚፈጸም ሳይሆን ውሻን ማስከተብን፣ መመገብን፣ አለመደብደብንና በቅጡ ማሳደር ከሚቻለው በላይ አለማራባትን ይጠይቃል። የአሶሳ ምድር ጎረቤቶች ያቆዩት ትረካ እንደሚያስተምረው ሰው እሳቱንና ቃሉን የተቀበለው በኅብረት ከሆነ፣ በእነዚህ ስጦታዎች ከተጠቀመ በኋላ ባልንጀራውን ወደ ዱር የሚጥል ሰው የማያመሰግን ባለዕዳ ነው፤ ዱር መባል የሚገባውም እንዲህ ያለው ልብ ነው።