ጐብኚና ተጐብኚ

የሰው ልጅ ካለበት ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር መጓዝ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ነጋዴው ለትርፍ፥ ተሳላሚው ለበረከት፥ ወታደሩ በትእዛዝ ሲጓዝ ኖሯል። ለማየት ብቻ ብሎ መጓዝ ግን ከነዚህ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። ነጋዴው ዕቃውን ዘርግቶ ስለሚቀመጥ ያገሩ ሰው የመጣበትን ጉዳይ ወዲያው ያውቃል፤ ተሳላሚውም የሚሳለመውን ያከብራል። ለማየት የመጣው ሰው ግን የሚወስደው ነገር በሚዛን የማይሰፈር ስለ ሆነ፥ ምን ወሰድህ፥ ምንስ ሰጠህ ብሎ የሚይዘው የለም። ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ያየ ሰው ለታየው ሰው ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ካለበትስ በምን ይከፈላል?

ጥያቄው ለባቲ ሰው እንግዳ አይደለም። ባቲ ደጋና ቆላ የሚጋጠሙባት፥ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው አውራ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሰኞ የሚውለው ገበያዋ ባገራችን ካሉት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ሲሆን፥ ኦሮሞው፥ አፋሩና አማራው የሚገናኙበት ነው። ከቆላው ግመል፥ ፍየልና ቅቤ ይወጣል፤ ከደጋው እህል ይወርዳል። ስሟም ከገበያ አልፎ ከትዝታ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ካራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን የአንደኛው መጠሪያ ሆኗል። ይህ ገበያ መታየት የሚገባው ነው ተብሎ በጐብኚዎች መጻሕፍት ከገባ ወዲህ፥ በደኅናው ጊዜ፥ ካሜራ ያንጠለጠሉ እንግዶች በግመል ተራ ሲዘዋወሩ እያየን አድገናል። አፋሩ ከነጊሌው ፎቶግራፍ ሲነሣ አይተናል። ግመሉን በስንት እንደ ሸጠ፥ ስንት ቀን እንደ ተጓዘ፥ ዘንድሮ በቆላው ዝናብ መጣሉን ወይም አለመጣሉን የጠየቀው እንግዳ ግን ብዙ አላየንም። ቅቤ የምትሸጠው ሴት ፊቷን በሻሽዋ ስትሸፍን፥ እንግዳው መሸፈንዋን ራሱን እንደ ውበት ቈጥሮ ያነሣዋል። አንዳንዱ ገንዘብ ይሰጣል። ገንዘቡም ይወሰዳል፤ ይሁን እንጂ ገንዘቡን የተቀበለ ሁሉ መታየቱን ወዶ ነው ለማለት አይቻልም።

እንግዲህ እኛ ታይተን ያደግን ሰዎች፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ መንገዱ ሳይታወክ፥ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን ጋራ በደሴ፥ በወልድያና በደብረ ታቦር አድርገን ባሕር ዳርን ለማየት ሄድን።

ከተሞቻችን አብዛኞቹ መጀመሪያ ተሠርተው ኋላ ፕላን የተነሣላቸው ናቸው። ቤቱ ይቀድማል፤ መንገዱ በቤትና በቤት መካከል የተረፈው ነው። ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቈየች መንደር ብትሆንም፥ የዛሬ መልኳን ያገኘችው በሌላ ሥርዐት ነው። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቆመ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በዚያው በ1950ዎቹ መጨረሻም በፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የተመሩ የጀርመን ባለሙያዎች የከተማዋን ፕላን አዘጋጁ። ዛሬ የአማራ ክልል መንግሥት መቀመጫ ናት። በቤዛዊት ኮረብታ ላይ፥ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ካሠሩት ቤተ መንግሥት አጠገብ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው፥ ዓባይ ከጣና ሲወጣና ከተማው በውሃው ዳር ተዘርግቶ ሲታይ፥ አንድ አሳቢ ሰው እርሳስ ይዞ በወረቀት ላይ ያሰመረው ነገር እውን መሆኑን ይረዳል።

ፕላንን መናቅ የሚወድ ጸሐፊ አለ፤ እኛ ከዚያ ወገን አይደለንም። በዘንባባ በተጋረደው ሰፊ መንገድ ላይ ስንሄድ፥ ጥላው በሹሙም፥ ሸክም በተሸከመውም፥ ከትምህርት ቤት በምትመለሰው ልጅም ላይ እኩል ሲያርፍ አየን። ጐርፍ መውረጃው ባልተበጀለት ከተማ የኖረ ሰው ይህ ምን ያህል ጸጋ እንደ ሆነ ያውቃል።

ነገር ግን በሐይቁ ዳር ስንዘዋወር፥ ደንገል ዘርግቶ ታንኳ የሚጠፈር አንድ ሽማግሌ አገኘን። ከመካከላችን አንዱ «አሰላሙ ዐለይኩም አባባ» ቢላቸው ሰላምታውን በሙሉ መልሰው፥ ከወዴት እንደ መጣን ጠየቁን፤ ከወሎ፥ ከባቲ ስንላቸው ለመቀመጫ የደንገል ነዶ አቀረቡልን። ሽማግሌው ከነገደ ወይጦ ናቸው። ይህ ሕዝብ ከሐይቁ ጋራ የኖረ፥ ቀድሞ ጉማሬ አዳኝ፥ ኋላም ታንኳ ሠሪና የደንገል ዕቃ ጠላፊ ሆኖ፥ ስሙን እንደ ስድብ በሚጠሩ ጎረቤቶች መካከል የከረመ ነው። ታንኳው ስንት ጊዜ ያገለግላል ብንላቸው፥ ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጥቂት ወራት አያልፍም አሉ። የቀድሞ ቤታቸውንም በእጃቸው አመለከቱን፤ እንግዶች ተቀምጠው ሐይቁን የሚመለከቱበት መናፈሻ ሆኗል። በቍጣ አልተናገሩም። «ለከተማው ማማር ነው ተባልን» ብለው ወደ ጥፈራቸው ተመለሱ።

እኛም ያን ዕለት ጧት በዚያው መናፈሻ ቡና ጠጥተን፥ ሐይቁ እንዴት ያማረ ነው ተባብለን ነበር። ውበቱ ሐሰት አልነበረም። ሆኖም ያ ዕይታ እንዲገኝ ከዕይታው የወጣ ሰው ነበረ፤ ይልቁንም የሚገርመው፥ ቤታቸው የተነሣው ሰው ታንኳ ግን በየፖስት ካርዱና በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ የከተማዋ ምልክት ሆኖ ተሥሏል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ18ኛው ምዕተ ዓመት፥ ሰው ሁሉ ራሱ ግብ ነውና የሌላው መሣሪያ ብቻ አይሁን ሲል አስተምሯል። ከተማን ለሚያስጌጥ ሰው ከዚህ የከበደ ትምህርት ያለ አይመስለንም። ዛፍ ለጌጥ ይተከላል፤ ሰውን ግን ለጌጥ መትከልም ለጌጥ መንቀልም አይገባም።

በማግሥቱ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ተሻገርን። በክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም፤ በአቅራቢያው ባለው በእንጦስ ኢየሱስ ግን ሁሉም ይገባል። በዚህ ቦታ ጐብኚውን ወሰን የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። መነኵሴው የብራናውን መጽሐፍ ሲፈቅድ ይገልጣል፤ ሲበቃ ይዘጋል፤ ጫማህን አውልቅ ሲል ሹምም ቢሆን ያወልቃል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፥ ገዳሙን ያየ ሰው ባለቤቱንም አክብሮ ይወጣል። ግመል ተራው ግን በር የለውም፤ የሽማግሌው የሐይቅ ዳርም በር አልነበረውም። አብራን የሄደችው እኅታችን በእንጦስ ቀርታ ስትጠብቀን ቈይታ፥ ይህን አሳባችንን ብንነግራት ፈጽማ አልተቀበለችውም። «መነኵሴው ባለቤት ስለ ሆነ ይከለክላል ትላላችሁ፤ እኔ ስከለከል ግን ማን ጠየቀኝ?» አለች። ለጥያቄዋ ተገቢ መልስ አልሰጠናትም፤ በጀልባው ውስጥ ስለ ሞገዱ መናገር ጀመርን።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ቁመቱ ከ40 ሜትር ይበልጣል። እኛ የደረስነው በበጋ ነበርና ያየነው በሥዕል የምናውቀውን ሰፊ የውሃ መጋረጃ ሳይሆን በዐለት ላይ የሚወርዱ ቀጫጭን ጅረቶችን ነው። አንዱ ባልደረባችን፥ መምህር ነው፥ ተታለልን ብሎ ተቈጣ። ውሃው የት ሄደ ቢባል ነገሩ ግልጽ ነው። በስፍራው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ውሃውን ከሐይቁ ራሱ ይወስዳል። ኤሌክትሪኩ ባገር አቀፉ መሥመር የሚሄድ ስለ ሆነ፥ የተቈጣው ባልደረባችን ባቲ ላይ የተማሪዎቹን ፈተና የሚያርምበት መብራት ከዚያ የጐደለው ውሃ አንድ ጠብታ የለበትም ለማለት አይችልም። በዚህ የጐብኚው ዐይን ከነዋሪው መብራት ጋራ ቢመዘን፥ መብራቱ እንደሚከብድ አንጠራጠርም። ዳሩ ግን በመንገዱ ላይ ለስላሳና የቅል ጌጥ የሚሸጡትን ልጆች፥ መንገድ መሪዎቹንም ጠየቅናቸው። እነርሱ ለውበቱ አላለቀሱም፤ ውሃው ሲያንስ እንግዳ ያንሳል፥ እንግዳ ሲያንስ እራት ያንሳል ነው ያሉን። እኛ እንደ ቅንጦት የቈጠርነው የጐብኚ ዐይን ለእነርሱ እንጀራ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ጐብኚ በመጥፋቱ፥ እነዚያ ልጆች በምን እየኖሩ ይሆን እያልን እናስባለን።

ስንመለስ መምህሩ በመኪና ውስጥ፥ «ጐብኚ ዳኛ አይደለም፤ የጀልባውን ከፍሏል፥ የሆቴሉን ከፍሏል፥ ዕዳው አልቋል» ሲል ተከራከረን። አባባሉ ለተራ መንገደኛ ምናልባት ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን የጀልባው ዋጋ ለጀልባ ነጂው እንጂ ቤቱ ለተነሣበት ሰው አልደረሰም፤ ደግሞም እኛ ተራ መንገደኞች አልነበርንም። መኪናው ውስጥ ከነበርነው መካከል ቦታ የሚመራ፥ ካርታ የሚያነሣ፥ ደብዳቤ የሚፈርም ነበረበት። ሌላውን ከተማ በጐብኚ ዐይን ያየ ሹም፥ አገሩ ሲመለስ የራሱንም ከተማ በዚያው ዐይን ማየት ይጀምራል፤ ይህን ቢያነሡት ያምር ነበር፥ ያን ቢያርቁት ያምር ነበር ይላል። የኛ ዕዳ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ለባቲ የተሟላ ፕላን ቢወጣላት ደስ ይለናል፤ መንገዷም ቢሰፋ፥ ጥላ ቢተከልላት እንወዳለን። ያን ጊዜ ግን ግመል ተራው ያቈሽሻልና ከከተማ ይውጣ የሚል፥ ወይም በተቃራኒው ለእንግዳ ዐይን ያምራልና እንዳለ አጥራችሁ አስቀምጡት የሚል መኖሩ አይቀርም። ሁለቱም ባለ ግመሉን አልጠየቁትም። እርሱ ደግሞ ለስብሰባ በደብዳቤ የሚጠራ ሰው አይደለም። መሥሪያ ቤቱ አፋርኛ የሚያውቅ ሰው መርጦ ሰኞ ወደ ተራው መላክ አለበት፤ ግመሉን የሸጠ ሰው ሳይመሽበት ወደ ቆላው መንገድ ስለሚጀምር፥ መልክተኛው በጧት ቢነሣ ይሻላል።