በእግር የደፈረሰ ውኃ
(ሕዝቅኤል 34፥17-19)

ነቢዩ ሕዝቅኤል በዚህ ምዕራፍ አስቀድሞ የሚወቅሰው ለሆዳቸው ያደሩትን እረኞች ነው። ይህን ስንሰማ አንከፋም፤ እረኛ ሲወቀስ በጎች መቼ ያዝናሉ? ከቁጥር 17 ጀምሮ ግን ቃሉ ወደ መንጋው ይዞራል። የሰቡት በጎች ከጥሩው ውኃ ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው በጠበጡት፤ ለደካሞቹም የተረፋቸው ይኸው ድፍርስ ነበር። ልብ እንበል፤ የሰቡት ስለ ጠጡ አልተከሰሱም። የተከሰሱት ከእነርሱ በኋላ የሚጠጣ መኖሩን ስለ ናቁ ነው።

ይህን ቃል በአቃቂ ወንዝ ዳር ቆመን ብናነበው ይገባናል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዋሽም በቆቃ፣ በመተሐራና በአፋር ምድር አልፎ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ያልቃል እንጂ ከባሕር አይደርስም።

ከየቤቱና ከየመጸዳጃው የሚወጣው ፍሳሽ በወንዙ ሲበሰብስ፣ የሚያበሰብሱት ተሐዋስያን በውኃው ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ታፍኖ ይሞታል። ይህ ግን ጊዜና ንጹሕ ውኃ ቢያገኝ ይጠራል፤ ፈጣሪ ወንዝን ራሱን እንዲያጥብ አድርጎ ሠርቶታልና። ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣው ክሮም፣ እንዲሁም እርሳስና ካድሚየም ከቶ አይበሰብሱም። ውኃውን ብናፈላው ተሐዋስያኑ ይሞታሉ፤ እነዚህ ብረቶች ግን ይቀራሉ፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቍጥር በቀረው ውስጥ ይበረታሉ። በደለሉ ይዘቅጣሉ፤ ከአፈሩም ወደ ሥር፣ ከሥሩም ወደ ቅጠል ይወጣሉ። በአቃቂ ውኃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ የሚሸጠው በዚያችው በአዲስ አበባ ገበያ ነው! ባለቤቲቱ ደኅና አድርጋ ብታጥበው ጭቃው ይለቃል፤ በቅጠሉ ውስጥ የገባው ግን አይለቅም። እንግዲህ በአቃቂ የሰቡት በጎች ያደፈረሱትን ራሳቸውም ይበሉታል።

«አገሩ ድኻ ነው፤ ፋብሪካ ይሠራ እንጂ ስለ ወንዝ ማን ይጨነቃል?» የሚል አይጠፋም። እኛም ፋብሪካ ይዘጋ አንልም፤ ሥራ ለድኻው እንጀራው ነው። ነገር ግን ክሮሙን ከፍሳሹ ለይቶ ዳግመኛ በቆዳው ላይ መጠቀም የታወቀ ጥበብ ነው፤ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ብቻ ይተዋል። ያም ወጪ እንዲያው አይቀርም፤ ባለ ፋብሪካው ያልከፈለውን ከወንዙ በታች ላሙን የሚያጠጣው ገበሬ ይከፍለዋል። እንዲህ ያለውን ዕዳ በሌላው ላይ መጣል፣ በጨለማ ከጎተራው እህል ከመውሰድ በምን ይለያል?

በየማኅበሩ ያላችሁ ሽማግሌዎች ሆይ፤ ክረምት ሳይገባ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ቦይ ተከትላችሁ ውረዱ። የመጸዳጃው ጕድጓድ ከምንጩ በላይ እንደ ሆነ እዩ፤ የመኪናው አሮጌ ዘይትና የክሊኒኩ ቆሻሻ የት እንደሚደፋም ጠይቁ። ከዚያም በታች በኩል ውኃ የሚቀዱትን እናቶች አነጋግሯቸው፤ ውኃው ምን ምን እንደሚሸትና ከብቶቹ ከየትኛው መጠጣት እንደ ተዉ ከማንም ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ።