ዶሮዎች ቢናቆሩ ተጠያቂው ማን ነው?

አዲስ ቄብ ከገበያ ገዝተን በጓሮ ካሉት ነባር ዶሮዎች መካከል ስንለቃት ወዲያው ይከቧታል። አናቷን ይነቁሯታል፤ ከጥሬው ያባርሯታል፤ ማታም ከቆጡ ላይ ገፍተው ይጥሏታል። ይህን ያየ ጎረቤት ብዙውን ጊዜ «ተዋቸው፣ ራሳቸው ይስማማሉ» ይላል። ውድ ወጣቶች፣ አባባሉ ከፊሉ እውነት ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤበ የተባለ ኖርዌያዊ የዶሮዎችን ኑሮ በጥሞና ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ በአንድ መንጋ ውስጥ ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ነው። የበላይዋ ሁሉንም ትነቁራለች፤ የመጨረሻይቱ ማንንም አትነቁርም። ይህ ተዋረድ አንዴ ከተደላደለ ጠቡ ይቀንሳል፤ እያንዳንዷ ስፍራዋን አውቃ ትሸሻለችና። የአዲሷ ስፍራ ግን ገና ስላልታወቀ ከእያንዳንዷ ጋር መለካካት ግድ ይሆንባታል። እንግዲህ ነባሮቹን «ጨካኞች» ማለት አይገባንም። ሌላ ማድረግ የማይችል አይከሰስም። (በተማሪዎች ማደሪያ በአዲስ ገቢ ላይ የሚያፌዝም «ይለምደዋል» ይላል፤ እርሱ ግን ዶሮ አይደለም።)

ሌላ ማድረግ የምንችለው በሩን ከፍተን ያስገባናት እኛ ነን። ተዋረዱን ልናጠፋው አንችልም፤ ዋጋው ደም ወይም ጥቂት ጩኸት ብቻ እንዲሆን ማድረግ ግን በእጃችን ነው። አስቀድመን ሁለት ሦስት ሳምንት ራቅ አድርገን ለብቻዋ ብናቆያት፣ ፈንግልን የመሰለ በሽታ ይዛ እንደሆነ መንጋውን ሳይፈጅ ሊታወቅ ይችላል። ከዚያም በሽቦ አጥር ተለያይተው ጥቂት ቀን ይተያዩ። አንዲቱን ብቻዋን ከማስገባት፣ በአካል ከነባሮቹ የሚመጣጠኑ ሁለት ሦስት ቢገቡ ንቁሪያው ይከፋፈላል። መብሉና ውሃው በሁለት በሦስት ስፍራ ከተቀመጠ ደግሞ አንዲት ዶሮ ሁሉንም ልትጠብቅ አትችልም። ብዙ ሰው በጨለማ ቆጥ ላይ ማስቀመጡን ብቻ ይመርጣል፤ ነግቶ ሲተያዩ የሚሆነውን ግን ይህ ብቻውን አያስቀረውም። የደማች ካለች ሳይውል ሳያድር ትለይ፤ ደም ያዩ ዶሮዎች በቀላሉ አይመለሱም።

«ይህ ሁሉ ድካም ለዶሮ?» የሚል ይኖራል። በገዛ ፈቃዷ አልመጣችም፤ እግሯ ታስሮ፣ ተዘቅዝቃ ነው የመጣችው። እንቁላሏንም የምንበላው እኛው ነን።

ከሳምንት በኋላ ጓሮው ጸጥ ሲል «ተስማሙ» ለማለት እንቸኩላለን። ጸጥታው ግን አዲሷ መብሉን ለነባሮቹ ትታ ከጥግ ስለቆመች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማታ ቆጥ ላይ ሲወጡ በጉሮሮዋ ሥር ያለውን የመብል ከረጢት ዳበስ ማድረግ ነው። በጥሬ ሞልቶ ከሆነ በልታለች፤ ባዶ ከሆነ ግን በማግስቱ ሌላ መመገቢያ እርሷ በምትቆምበት ጥግ እናስቀምጥላት።