ነጻ በቅሎ

ሁለት የሲራራ ነጋዴዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ አሞሌና ቡና ጭነው ሲወጡ ሲወርዱ ኖረው፣ ጉልበት ሲከዳቸው ጅራፋቸውን ሰቅለው አገራቸው ገቡ። አገራቸው ደጋ ነው። ወጌሻውም መድኃኒት አዋቂውም ያሉት ቆላ ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ነው። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ኬላ አለ። በዚያ ማለፍ የሚሻ ሽማግሌ ሁሉ፣ ታመመም አልታመመም፣ በየወሩ አንድ ቁና ገብስ ለኬላው ይሰፍራል። የአገሩ ደንብ ነው፤ ማንም አያጉረመርምበትም ማለት ግን አይደለም።

ከኬላው ወዲያ ያለው መንገድ ለሽማግሌ እግር አይሆንም፤ በቅሎ ይፈልጋል። በቅሎ አከራዮቹ ደግሞ ሁለት ናቸው።

አንደኛው ዝምተኛ ሰው ነው። «በወር ሌላ አንድ ቁና ትሰፍርልኛለህ» ይላል። «የታመምህ ለት በቅሎዬ የወደድኸው ወጌሻ ዘንድ ታደርስሃለች፤ ስትወጣም ስትወርድም አልጠይቅህም። ነገር ግን ጅራፍህን በሰቀልህ በ6 ወር ውስጥ ና። ከዚያ በኋላ ከመጣህ ጉልበትህን ጫን ብዬ አያለሁ፤ ካቃሰትህ አልቀበልህም።»

ሌላው አፈ ቅቤ ነው። መኸር በገባ ቁጥር ከበሮ እያስመታ ቤት ለቤት ይዞራል። «የኬላህን ክፈል እንጂ ለእኔ በወር እፍኝ ገብስ አልልህም! እንዲያውም ለጥርስህ መፋቂያ፣ ለዓይንህ ኩል እጨምርልሃለሁ።» ከበሮው ጋብ ሲል ደግሞ ዝግ ባለ ድምፅ ይቀጥላል፦ «በቅሎዋ ላይ በወጣህ ቁጥር ትከፍላለህ። የምትሄደው እኔ የተዋዋልሁት ወጌሻ ዘንድ ነው። መንገዱ ከራቀ ባልደራሴ መፍቀድ አለበት። ቢበዛ ቢበዛ ግን ክፍያህ በዓመት ከ40 ቁና አያልፍም።»

ታላቅየው ከዝምተኛው ጋር ተዋዋለ፤ ታናሽየው ከባለ ከበሮው ጋር። 3 ዓመት ሙሉ ሁለቱም በቅሎ አላስፈለጋቸውም። ታናሽየው ጠላውን ፉት እያለ፣ «አያ፣ ስንት ቁና ለሰው በቅሎ አበላህ?» እያለ ይስቅ ነበር። ስሌቱ ልክ ነው፤ 36 ቁና ቀርቶለታል።

ሦስተኛው ዓመት በሞላ ሰሞን ታናሽየው ደጁ ላይ አዳልጦት ወደቀ፤ ዳሌው ተሰበረ። በቅሎዋ አልቀረችም፣ መጣች። ከኬላው ወዲያ መንገዱ ከሁለት ሲከፈል ግን ልጓም ያዡ ወደ ግራ ዞረ። ስመ ጥሩ ወጌሻ ያለው በቀኝ ነው።

«ወደ ቀኝ እንጂ ልጄ!»

«የቀኙን ባልደራሱ ይፍቀድ አባቴ።»

መልእክተኛ ተላከ። ሁለት ሌሊት ዋርካ ሥር አደሩ። ፈቃዱ መጣ። ከዚያ መውጫ፣ መውረጃ፣ ማደሪያ እየተባለ ሲሰፈርበት ከረመና ድኖ ቤቱ ሲገባ ዕዳው 34 ቁና ሆነ። ያ የቀረለት 36 ቁና ጎተራ ውስጥ ቢኖር ኖሮ፣ ከፍሎ 2 ቁና ይተርፈው ነበር። ግን ጠላ ሆኖ አልቋል። ወደ ዝምተኛው ሄዶ «እባክህ ተቀበለኝ» አለ። ዝምተኛው ጫን አለው፤ አቃሰተ። ታላቅየው በበኩሉ እስከ ዛሬ አንድ ቀን በቅሎዋ ላይ አልወጣም፤ ገብሱን በከንቱ አፈሰሰ የሚሉት አሉ።

በዚያው መንደር አንዲት መበለት ነበሩ። የኬላውን እንኳ የሚሰፍሩት ከአፋቸው ነጥቀው ነው። አንድ ቀን ቁናቸውን ተሸክመው ወረዱና ኬላ ጠባቂውን፣ «ልጄ፣ ለእንደኔ ያለ ችግረኛ ይህ ነገር አይቀልም?» አሉት።

«ይቀላል እንጂ እማማ። የመንግሥት ጎተራ ይከፍልልዎታል፤ የበቅሎውን መውጫም ጭምር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርኸኝም?»

«አልጠየቁኝማ!»

አገሩ አሜሪካ ነው፤ ኬላው 65 ዓመት ሲሞላ የሚገባበት ሜዲኬር። ፓርት ኤ የተባለውን የሆስፒታል ክፍል፣ ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 10 ዓመት ያህል ግብር እየከፈለ የሠራ ሰው ያለ ወርኃዊ ክፍያ ያገኘዋል። የሐኪሙ ክፍል ፓርት ቢ ግን በ2025 ለአብዛኛው ሰው በወር 185 ዶላር ነበር። የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ሳይኖረው የዘገየ ሰው በየ12 ወሩ 10 በመቶ ይጨመርበታል፤ ቅጣቱም ፓርት ቢ እስካለው ድረስ አይነሳም።

ዝምተኛው ሜዲጋፕ ነው፤ የመድኃኒት ሽፋን ለብቻው ይገዛለታል። ባለ ከበሮው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ነው፤ ከበሮው የሚመታውም ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው። «ዜሮ ዶላር» የሚለው ማስታወቂያ ውሸት አይደለም፤ ዋጋው ከወሩ ተነሥቶ ወደ ሕመሙ ቀን ተዛወረ እንጂ። በ2025 በውሉ ውስጥ ባሉ ሐኪሞች ዘንድ የአንድ ሰው የዓመት ክፍያ እስከ 9,350 ዶላር ሊደርስ ይችል ነበር። በወር የቀረለትን እያስቀመጠ፣ ሐኪሙ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን አጣርቶ የገባ ሰው ሞኝ አይባልም። ሐሳቡን በኋላ የሚለውጥ ግን፣ ሜዲጋፕ ያለ ጤና ጥያቄ የሚቀበለው በአብዛኛው 65 ሞልቶ ፓርት ቢ በጀመረ በ6 ወር ውስጥ መሆኑን ይወቅ።

አገር ቤት ለሚመላለሱት አንድ ነገር ልጨምር፦ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በጥቅሉ አይከፍልም። ጂ እና ኤን የሚባሉት የሜዲጋፕ ዓይነቶች በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀን ለሚደርስ ድንገተኛ ሕመም፣ ከ250 ዶላር በኋላ 80 በመቶውን ይከፍላሉ፤ የዕድሜ ልክ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው። ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ እስከ ፋሲካ የሚቆይ ሰው 60 ቀኑን ያልፋል።

የመበለቷ ጎተራ ሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራም ይባላል። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የፓርት ቢን ክፍያ ይሸፍናል፤ ኪው ኤም ቢ የተባለው ደረጃ ሐኪም ቤት የሚጠየቀውንም ይጨምራል። ይህን ያገኘ ሰው ለመድኃኒት የሚሆነው ኤክስትራ ሄልፕ ወዲያው ይከተለዋል። የገቢው ጣሪያ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ማመልከቻው በግዛቱ የሜዲኬይድ ቢሮ ነው፤ ኦክቶበርን መጠበቅ አያስፈልግም። ወርኃዊ ክፍያን ከምር የሚቀንሰው ይህ ሆኖ ሳለ፣ ወገኖቻችን ግን ማስታወቂያ ሲያወዳድሩ ከርመው በመጨረሻ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ ያውም ከጠየቁ።

እናት አባታችሁ 65 የደረሱላችሁ ልጆች፣ ከሻጭ በፊት ሺፕ የሚባሉትን የየግዛቱን አማካሪዎች አነጋግሩላቸው፤ ክፍያ አይጠይቁም፣ የሚሸጡት ነገርም የለም። የሜዲኬር ስልክ 1-800-633-4227 ነው፤ አማርኛ አስተርጓሚ ብትጠይቁ በነጻ ያገናኟችኋል።